ሃምሳ ሦስት ሰው ለየብቻው

ቢቸና፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእፀገነት፣ አዲስ አበባ

የኔ እመቤት፣ እንዴት ሰንብተሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ክረምት ሲገባ ማኩረፍ ልማዱ ነውና አታስቢለት። በስልክ ብነግርሽ ይቀለኝ ነበር፤ ግን ኔትወርኩን ታውቂዋለሽ፣ ሲገኝም "እማዬ ስብሰባ ላይ ነኝ" ትዪኛለሽ። ስልክን ደግሞ ማን እንደሚሰማው አይታወቅም። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ እንድሪስ የሚባል የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ታማኝ ሰው ነው ይላሉ። ቢሆንም ፖስታውን አፉን በመርፌ ሰፍቼዋለሁ፤ ክሩ ተበጥሶ ከደረሰሽ ንገሪኝ።

የምሠራበትን የጥራጥሬ ማበጠሪያ ታውቂዋለሽ። እኛ እዚህ ሽምብራና ባቄላ ለቅመን እናሽጋለን፣ ሞጣ ላይም እንዲሁ ሌላ መጋዘን አላቸው። ድሮ የነቀዝ ክኒን ከተደረገ በኋላ በሩ ሦስት ቀን ተከፍቶ ይናፈስ ነበር። ከጥር ወዲህ ግን ሥራ በዛ ብለው በማግሥቱ ያስገቡናል። ማስመለሱና ራስ ማዞሩ የሁላችንም ነው፤ በሰገነት ግን ጠናባት። ካንቺ ጋር ስምንተኛ ክፍል የተማረችው ሰገነት ማለቴ ነው፣ ያቺ ስትስቅ ግቢው ሙሉ የሚሰማት። አሁን ከቤቷ እስከ ቦኖው ድረስ ሦስት ጊዜ ትቀመጣለች። የጤና ጣቢያው ሰው ሳንባሽ ተጎድቷል ብሎ ወደ ባሕር ዳር ጽፎላታል፣ ድርጅቱ ግን አያገባኝም አለ። የምንፈልገው ሁለት ነገር ነው። ሰገነት ትታከም፣ በሩም እንደ ድሮው ሦስት ቀን ይከፈት።

ይህንኑ ለመናገር ሠላሳ አንዳችንም ተያይዘን ቢሮ ሄድን። ኃላፊያችን ምንይሉ ገና ከደጅ ሲያየን ፊቱን አጠቆረ።

"ምንድን ነው ተሰብስቦ መምጣት? ፈርማችኋል እኮ። አንቀጽ አሥራ አራትን አንብቡ፤ ቅሬታ ያለው ለብቻው ይምጣ" አለን።

አንቀጽ አሥራ አራትን አንቺም ታስታውሺዋለሽ። ዘንድሮ በጥቅምት አዲሱን ውል ያመጡልን ጊዜ ይኸው ምንይሉ "ነገር ቢነሳ ፍርድ ቤት መንከራተት ቀረላችሁ፣ በሽምግልና ያልቃል" ብሎን ነበር። እኛም ደስ አለን። ሽምግልናን እዚህ አገር ማን ይጠላል? ሁለት ሽማግሌ እኛ እንመርጣለን፣ ሁለት እነሱ ይመርጣሉ፣ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፣ የተበደለው ከነዘመዱ ከነጎረቤቱ ቆሞ ይናገራል፣ ጥፋተኛው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይላል። የመሰለን ይህ ነበር። እነሱ የጻፉት ግን ድርጅቱ የሚመርጠው አንድ የግልግል ዳኛ አዲስ አበባ ተቀምጦ አንዱን ሠራተኛ ለብቻው እንዲሰማ ነው። ከሌላው ጋር አብሮ መክሰስ የለም፣ ስለሌላው መናገር የለም፣ ፍርድ ቤትም የለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት እነሱም ሳያውቁት አልቀሩም።

ያኔ ሴቶቹ ሳይፈርሙ ወደኔ መጡ። "እትዬ ይርጋነሽ፣ ልጅዎ ሕግ ተምራለች፤ ይጠይቁልን" አሉኝ። ደወልኩልሽ። የመጀመሪያውን ገጽ ካነበብኩልሽ በኋላ ጥቂት ዝም አልሽ። ከዚያ "እማዬ፣ የተለመደ ነው፣ ፈርሚ" አልሽኝ። እኔም ወጥቼ "ልጄ ምንም አይደለም ብላለች" አልኩ። ሠላሳው ሰው በኔ ቃል ፈረመ፤ ሰገነትም ከፈራሚዎቹ አንዷ ናት።

ምንይሉ ከመለሰን በኋላ አንድ አንዳችንን እያስጠራ በር ዘግቶ ያነጋግረን ጀመር። ከዚያ ክፍል የሚወጣ ሰው ምን እንደተባለ አይናገርም። አንዷ ፈገግ ብላ ከወጣች "ምን ሰጧት?" እንላለን፣ አንዷ አንገቷን ደፍታ ከወጣች "ማንን ሸጠች?" እንላለን። እኔ ራሴ ሃያ ዓመት አብራኝ ጽዋ የጠጣችውን ወለተ ኢየሱስን ጠርጥሬ ሰላምታ እስከ መንሳት ደረስኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልኩ ሰው ሁሉ ጠላቴ ሆነ። የኔ ተራ ሲደርስ ምንይሉ ሻይ አስመጣልኝና "የሞጣዎቹ ሁሉም ተስማምተው ጨርሰዋል። እርስዎ ብልህ ሴት ነዎት፣ ለሌላው ብለው ለምን ይጎዳሉ?" አለኝ። ሻዩን ሳልነካው ወጣሁ። ወጥቼ ግን የሞጣን ሰው ሁሉ በልቤ ረገምኩ።

እርግማኑም አላስተኛኝ አለ፤ በዓይኔ ልየው ብዬ ተዘግቶ የከረመው መንገድ የተከፈተ ቀን ሞጣ ሄድኩ። መጋዘኑ ደጃፍ ዘይዳ የምትባል ልጅ እግር አገኘሁ፤ የእንድሪስ እህት ናት፣ እዚያ ለቃሚዎችን የምታስተባብር። ስሜን ስነግራት ደንግጣ አየችኝ።

"እርስዎ ነዎት እትዬ ይርጋነሽ?" አለችኝ። "ወላሂ፣ እኛን እኮ የቢቸናዎቹ ታርቀዋል ነው ያሉን። ያውም እርስዎን በስም ጠርተው፣ 'የሕግ ባለሙያዋ እናት እንኳ ፈርማለች' እያሉ።"

ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ግን ስቄ ሳልጨርስ እንባዬ መጣ። በዓይኔ ሳላያት የረገምኳት ልጅ እኔኑ ስትረግም ከርማለች። የነጋዴ ልጅ ናትና ወረቀት ማንበብ ታውቃለች። ውሉን ከቦርሳዋ አውጥታ ሦስተኛው ገጽ ላይ በጣቷ አሳየችኝ። የዳኛውን አበል ለእያንዳንዱ ጉዳይ ድርጅቱ ይከፍላል ይላል።

"ለየብቻችሁ ኑ አሉን አይደል?" አለች። "ለየብቻችን እንምጣላቸው። እኛ ሃያ ሁለት፣ እናንተ ሠላሳ አንድ። ሃምሳ ሦስት ሰው ለየብቻው በአንድ ቀን። ዳኛው ሃምሳ ሦስት ጊዜ ይቀመጥ፣ እነሱም ሃምሳ ሦስት ጊዜ ይክፈሉት።"

እንዲሁ አደረግን። እዚህ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ሀብተ ሥላሴ ሃምሳ ሦስት ማመልከቻ ጻፈ። አንዱ ካንዱ እንዳይመሳሰል ተጠነቀቀ፤ የቅኔ ተማሪ ስለነበረ አንድን በደል በሃምሳ ሦስት መንገድ መናገር አልከበደውም። ፖስታ ቤት ስናስገባም ሰልፉ ላይ የማንተዋወቅ መስለን፣ አንዷ ሌላዋን ሳታይ ቆምን። ተባበሩ እንዳንባል ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጥንም። ወለተ ኢየሱስ ከኋላዬ ቆማ ነጠላዬን ሰረቅ አድርጋ ጎተተችኝ። ይቅርታ ማለቷ ይሁን ይቅር ማለቷ አላወቅሁም፤ ብቻ ደስ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት መልስ መጣ። የመጀመሪያዎቹን አራት ሰዎች ሐምሌ 8 ቀን አዲስ አበባ ጠርተውናል፣ እኔ ሁለተኛዋ ነኝ። ከወረቀቱ ግርጌ ውሉን ያዘጋጀውና በድርጅቱ ስም የሚቀርበው የሕግ ቢሮ ስም ተጽፏል። ልጄ፣ ያንቺ መሥሪያ ቤት ነው።

ቢሮው ትልቅ ነው፣ ሰው ብዙ ነው፣ እሷ ምን ታውቃለች ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሊያምነኝ ምንም አልቀረውም ነበር። ከዚያ ግን ያን ስልክ መልሼ መላልሼ አሰብኩት። የመጀመሪያውን ገጽ ጨርሼ "ቀጣዩን ልግለጠው?" ስልሽ፣ "ተዪው እማዬ፣ ዳኛው አዲስ አበባ ነው የሚለው ነው" አልሽኝ። እኔ ቀጣዩን ገጽ ገና አላነበብኩልሽም። ከስልኩ በኋላ ብገልጠው እውነትም እንዳልሽው ሆኖ አገኘሁት፤ ያን ጊዜ "እንዴት ያለች አዋቂ ወለድኩ" ብዬ ኮራሁ። ስምንት ወር ሙሉ ኮርቻለሁ።

ፈርተሽ ይሆናል። አዲስ ሥራ፣ አለቆች፣ የቤት ኪራይ፤ የከተማውን ኑሮ አላውቅም አልልም። "አትፈርሚ" ብትዪኝ ወሬው ወጥቶ ከሥራ የሚያስወጡሽ መስሎሽም ይሆናል። እንዲያውም በስልኩ ዝም ያልሽ ጊዜ ልትነግሪኝ ፈልገሽ ነበር ብዬ አስባለሁ። እንደዚያ ነበር በዪኝ፣ አምንሻለሁ። ሰገነትን ግን ሳታውቂ በእኔ አፍ ነው ያስፈረምሻት።

ሀብተ ሥላሴ ትናንት እንዲህ አለኝ፦ "ጉዳዩ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። ሳይገባችሁ ፈርማችሁ እንደሆነ ዳኛው ይጠይቃል። ሠላሳውም ሴት ይርጋነሽ ናት ያስፈረመችን ይላሉ። እርስዎስ ማን አስፈረመኝ ይላሉ?"

"እሱን ለዳኛው እነግረዋለሁ" አልኩት። አላመነኝም፤ አሁን ማንም ማንንም አያምንም።

እፀገነት፣ በመስቀል ያስምሉኛል። ምዬ አልዋሽም፣ ላንቺም ቢሆን። ማን ፈርሚ አለሽ ሲሉኝ ልጄ እላለሁ፣ ስሟ ማን ነው ሲሉኝም እነግራቸዋለሁ። ስለዚህ ሐምሌ 8 ሳይደርስ አንቺ ቅደሚኝ። ያወቅሽውን ራስሽ ተናገሪ፣ ወይም ጻፊ። ሥራው ቢቀርብሽ እዚህ ቤት አለሽ፣ አልጋሽም እንደነበረ ነው። ከኔ አፍ ሲወጣ ክስ የሚሆነው ካንቺ አፍ ከወጣ ንስሐ ይሆናል። እኔም ዝም እላለሁ፣ ዝም ብዬም እኮራለሁ።

አዲስ አበባ ስመጣ አንቺ ዘንድ አላድርም፤ ሰው ተስማሙ ይላል። ከአዳራሹ ደጅ ቆመሽ ከጠበቅሽኝ አቅፌ እስምሻለሁ። ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠሽ ካገኘሁሽ ግን "እርስዎ" እልሻለሁ፤ የማላውቀውን ሰው የምጠራው እንደዚያ ነው።

አምላክ ልብሽን ያበርታው፤ የወለድኩሽ ዕለት የመረቅኩሽ ምርቃት ዛሬም እንዳለ ነው፣ አልመልሰውም።

እናትሽ
ይርጋነሽ