አማቴና የአቧራው ወር

ሰኔ 14
ነፋሱ ከምሥራቅ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው። ጠዋት ባሕር ወጣን፣ ዓሣው ደህና ነበር። ከሰዓት መረብ ስጠግን አማቴ ኤርሜሊና በአጠገቤ አለፉ፤ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው። እኔም አንገቴን ደፋሁ። አማትና አማች አይተያዩም፣ አይነጋገሩም። ወጣቶቹ ይህን ወግ ትተውታል። እሳቸው ግን ወይ ፍንክች። አለፍ እንዳሉ ቆመው ሚስቴን፣ "ኔሪስ፣ ለሰውዬሽ ንገሪው፤ መረቡን እንዲህ አላልቶ ከቋጠረው ዓሦቹ ሰላም ብለውት ነው የሚያልፉት" አሏት። ኔሪስ ዞር ብላ ቃል በቃል ደገመችልኝ። ሳቄን ዋጥኩት። ደግሞ እውነታቸውን ነው… ፈትቼ እንደገና ቋጠርኩት።

ሰኔ 23
አቧራው ደረሰ። ባሕሩን ተሻግሮ ከአፍሪካ በረሃ ነው የሚመጣው ይላሉ። ሰማዩ ነጭ፤ የማኩይራ ተራራ እንኳ ከዓይን ጠፍቷል። ፀሐይዋን በባዶ ዓይን ማየት ይቻላል፣ የታጠበ ሳህን ትመስላለች። ቆንጆ ነው፣ ምን ይደረግ። ጥርስ ውስጥ ግን ይንኮሻኮሻል። አማቴ ያስላሉ። እያሳሉ ይሸምናሉ። በዚህ አየር ቀይና ቢጫ ክር መርጦ መሸመን… እኔ ብሆን ተጠቅልዬ ተኝቼ ነበር።

ሐምሌ 2
ጤና ሠራተኛዋ በሞተር መጣች። ደረታቸውን አዳመጠች፣ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጠቻቸው። "ከአቧራና ከጭስ ካልራቁ ማይካዎ ከተማ ይውሰዷቸው። እዚህ ከባሰባቸው ማን ይደርስላቸዋል?" አለች። ወንድማቸው እዚያ ይኖራል።
አማቴ፦ "ማይካዎ ነፋስ አለ እንዴ? ሳልሞት ልቀበር?"
ኔሪስ አለቀሰች። እኔስ? ይህ ግቢ ያለ እሳቸው ምን ይሆናል? ፍየሎቹ እንኳ የሚገቡት የእሳቸውን ድምፅ ሰምተው ነው። የለም፣ አይሄዱም። አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ።

ሐምሌ 4
ግድግዳ ሠራሁ። አማቴ የሚውሉበት ዳስ ዙሪያው ክፍት ነው። በምሥራቅ በኩል የቁልቋል እንጨት ደርድሬ የጀልባ ሸራ ወጠርኩበት። አሁን አቧራ አይገባም። የኔሪስ አጎት ታርሲሲዮ መጥቶ አየና፣ "አማትህን ሳጥን ውስጥ ከተትካቸው እኮ፣ የቀረው ክዳኑ ነው" አለኝ። "ቀንተህ ነው" አልኩት። ኮርቻለሁ፣ ምን ያስዋሸኛል።
አማቴ ምንም አላሉም። ለኔሪስ እንኳ።

ሐምሌ 6
ባሰባቸው። ኔሪስ ከወንድማቸው ጋር ልትመክር ማይካዎ ሄደች። ይወስዷቸው ይሆን? ሸራውን ይበልጥ አጠበቅኩት።

ሐምሌ 7

ቀትር ላይ ዓሣ ልቀቅል ማድቤት እሳት አነደድኩ። አማቴ ሳል ጀመራቸው፤ ከዚያ ሳሉ ቆመ። ያስደነገጠኝ መቆሙ ነው። ሮጬ ዳሱ ጋ ደረስኩና ቀጥ አልኩ። ልግባ? ወግ አለ… ሌላ ማን አለ? ማንም የለም።
ውስጡ በጭስ ታፍኗል። ከየት መጣ? ማድቤቱ ከዳሱ በስተምዕራብ ነው፤ ጭሱን ሁልጊዜ ነፋሱ ገፍቶ ወደ ቁጥቋጦው ይወስደዋል። ነፋሱን ደግሞ እኔ ዘግቼዋለሁ። አቧራ ስከለክል ጭሱን ወደ እሳቸው መለስኩት።
ሻሻቸውን ገለጡ። አዩኝ።
"ግድግዳህን… አፍርስልኝ።"
ለእኔ። በቀጥታ።
ሸራውን በቢላ ቀደድኩት፣ እንጨቱን በእርግጫ ጣልኩት። ነፋሱ ገባ። መድኃኒቱን አፋቸው ላይ ያዝኩላቸው። ሳቡ… እንደገና ሳቡ። ትንፋሻቸው ሲመለስ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።
"ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው።
"እንደዚያ ኮርተህ እያየሁ… እንዴት ብዬ?"
ሦስት ቀን ሙሉ ጭስ የሳቡት እኔን ላለማሳፈር ነው። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሐምሌ 10
ኔሪስ ተመለሰች። ማድቤቱን አፍርሰን ራቅ አድርገን ተከልነው። ጤና ሠራተኛዋ መጥታ አዳመጠችና፣ "እንዲህ ከሆነ ይቆዩ" አለች። ደስ አለን።
ሻሹ ግን ተመልሷል። "ለሰውዬሽ ንገሪው"ም ተመልሷል። ትንሽ ቅር አለኝ… ምን ጠብቄ ነበር?

መስከረም 27
ሌሊቱን ዘነበ። አየሩ ታጥቧል፤ እንደ ዛሬ ጥርት ብሎ አላየሁትም። ጀልባዋ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ቀድቼ ስደፋ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።
"ኤሚሮ፣ ና እስቲ። የማኩይራ ተራራ ታየ።"
አማቴ ናቸው። ፊታቸው ክፍት ነው። ስሜን ከአፋቸው ሰምቼው ስለማላውቅ ሌላ ሰው የጠሩ መስሎኝ ዞር ዞር ብዬ ፈለግሁ።