ድንቡሎ አፉን ሲፈታ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ግድግዳውን እየተደገፍሽ ነው ወይስ ወንድሜ የሚያዝ ብረት አስገጠመልሽ? ዓይንሽስ? ያዘዙልሽን ጠብታ ትጨምሪያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ዓይኔ የሚያየውን አይቷል» ብለሽ ጠርሙሱን መሳቢያ ውስጥ ጣልሽው? እንቅልፍሽ፣ ምግብሽ፣ ብርድ ሲነካው የሚያምሽ ትከሻሽ ሁሉም እንደምን ይዘውሻል? እኛ ደህና ነን። ባሌ እጁ እንደ ወትሮው ከጎማ ሥራው ጥቁር፣ ልቡም እንደ ወትሮው ነጭ ነው። እኔም ቆሜ ስውል እግሬ ያብጣል እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለኝም። ልጃችንም ደህና ነው። የምጽፍልሽ ስለ እሱ ነውና «ደህና ነው» ብዬ ብቻ አላልፈውም።

ሰሞኑን ወንድሜ ደውሎ መልእክትሽን ነግሮኛል። ከሚስቱ ጋር እንዳልተስማማሽ፣ ወደ እኔ መመለስ እንደምትፈልጊ፣ የእናትና የልጅ ጠብ የጠዋት ጤዛ ነው እንዳልሽ ነገረኝ። ለእሱ መልስ አልሰጠሁትም። በቀጥታ ለአንቺ መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው። በስልክ ብናወራ ታሸንፊኛለሽ፤ በምላስ አንቺን የረታ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

አክስቶቼ «እናቷን አባረረች» እያሉ እንደሚያወሩ ሰምቻለሁ። ማን እንደነገራቸው አልጠይቅሽም። ግን አንቺም ያን ቀን የሆነውን እንደ ሆነው የያዝሽው አልመሰለኝም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

እኛ ጋ ስትመጪ እኔ ወደ ፀጉር ቤቱ ሥራዬ ልመለስ ነበር፤ ልጁን የሚይዝልኝ ሰው ሳጣ አንቺ ደረስሽልኝ። ድንቡሎ ያልሽውም አንቺ ነሽ፤ ፊቱ እንደ ሳንቲም ክብ ነው ብለሽ። ወደድሽው፤ እሱን አልክድም። ገላውን ታጥቢው፣ ደረትሽ ላይ አስተኝተሽ ታንጎራጉሪለት ነበር። ያን ጊዜ «እ» እና «ባ» ከማለት በቀር ቃል አልነበረውም። የፈለገውን በጣቱ ያሳየናል፣ እጃችንን ይዞ ይወስደናል። አንቺም መጀመሪያ ላይ «ወንድ ልጅ አፉ ቀስ ብሎ ነው የሚፈታው» ትዪ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን የቤታችን ውሃ ጠፍቶ የሰፈሩ ቧንቧ ጋ ወረፋ ስትጠብቂ፣ ጎረቤታችን ልብስ አጣቢዋ «የጎሚስታው ድዳ ልጅ አያት» ብላ ለሌላ ሰው ስትጠቁምሽ ሰማሽ። ባልዲውን ባዶውን ይዘሽ ተመለስሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊትሽ ተለወጠ። ልጁን ከፊትሽ አስቀምጠሽ «እማ በል፤ ዳቦ በል» ማለት ጀመርሽ። ዝም ሲል ዳቦው ወደ ቁም ሣጥን ይመለሳል።

ንግግር የምታስተምረዋ ባለሙያ ዘንድ የወሰድነው በዚያው ሰሞን ነው። ጆሮው ተመረመረ፤ ይሰማል። የሚነገረውም ይገባዋል፤ የዘገየው ቃሉ ብቻ ነው አለችን። ዓይኑ ትይዩ ዝቅ በሉ፣ የሚያየውን ነገር ስም ጥሩለት፣ ከዚያ ጠብቁት፤ በል በል ግን አትበሉት፤ ልጅ ቃል የሚያወጣው ሲጫወት ነው እንጂ ሲጨነቅ አይደለም አለች። ይህን ስነግርሽ «ለማውራትም ትምህርት ቤት ተከፈተ?» ብለሽ ሳቅሽ።

ባሌ ግን አልሳቀም። ታውቂዋለሽ፣ ቃል በሚዛን የሚሸጥ ይመስል ቆጥቦ የሚናገር ሰው ነው። በማግስቱ ልጁን ጎማ ቤቱ ይዞት ገባና አጠገቡ አስቀምጦ የሚሠራውን ሁሉ ማውራት ጀመረ። «ብሎን ፈታሁ። ጎማ አወጣሁ። ምስማር አገኘሁ። ምስማር ነቀልኩ።» አብረውት የሚሠሩት «ይሄ ሰውዬ ከጎማ ጋር ማውራት ጀመረ፤ ጎማው የመለሰለት ቀን ሥራ እንለቃለን» እያሉ ይስቁበት ነበር። አንቺም በመስኮት ብቅ ብለሽ «የልጁ አነሰና አባትየውም አበደ» ትዪ ነበር። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ «ጎማ ነፋሁ» ይላል።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን ልምጣ። ሙቀቱ የሚያነድ ነበር። ፀጉር ቤቱ መብራት ጠፍቶ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ቆመ፤ ደንበኞች ፀጉራቸው እንደ ተጠቀለለ ተቀምጠው ቀሩ፤ ባለቤቷ «እስኪመጣ ቤትሽ ደርሰሽ ተመለሺ» አለችኝ። ስገባ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠሻል። በእጅሽ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ይዘሻል። ልጁ የታለ አልኩሽ። «ጓሮ ነው» አልሽኝ። «ከጠዋት ጀምሮ ብርጭቆውን በጣቱ ያሳየኛል። በጣት አይሰጥም ብዬዋለሁ። ውሃ ይበል፣ እሰጠዋለሁ።» የቤታችንን ቧንቧ እጀታ በሽቦ አስረሽው ነበር እማዬ። ጠምዝዘሽ፣ አጥብቀሽ፣ የልጅ ጣት እንዳይፈታው አድርገሽ።

ጓሮ ወጣሁ። የፀጉር ቤቱን ፎጣዎች በበረኪና የዘፈዘፍኩበት ሳፋ ላይ ተንበርክኮ፣ ጠርዙን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ጥጃ አጎንብሶ ይጠጣል። አያለቅስም። ሲያየኝ ደነገጠና አፉን በሁለት መዳፉ ከደነ፤ ሲሰርቅ እንደ ተያዘ ሰው።

ተሸክሜው ጤና ጣቢያ ስሮጥ አንቺም ነጠላ ጫማሽን እንዳደረግሽ ተከተልሽኝ። ሐኪሟ አፉን ከፍታ አየችና «ልጁ ሲጠጣ ማን ነበር አብሮት?» አለች። «እኔ» አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ ተሸክሜዋለሁ። አንቺ በሩ ጋ ቆመሽ ሰምተሻል። ከንፈሩ ተላጠ፣ ምላሱ ነጣ፤ ወተት በማንኪያ ጫፍ እያንጠባጠብኩለት ሰነበተ።

ቤት ስንመለስ ባሌ ቧንቧው ጋ ተንበርክኮ ሽቦውን በፒንሳ እየፈታ ነበር። የሚሠራውን ሳይናገር የሠራው ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ግን ተናገርኩሽ። ለእናት የማይባል ነገር ሁሉ አልኩሽ። አንቺም አልተቆጣሽም፤ ቁጭ ብለሽ በረጋ ድምፅ መለስሽልኝ። «በጥላቻ አላደረግኩትም። አንቺም እንደ እሱ ነበርሽ። በእሱ ዕድሜ አንድ ቃል አልነበረሽም። ሰው ሁሉ ድዳ ወለደች ሲለኝ አንቺን ማን ያናገረሽ ይመስልሻል? ጥማት ነው። ውሃ ከልክዬሽ ነው ውሃ ያልሽው። ይኸው ዛሬ አፍ አውጥተሽ የምትሰድቢኝም በእኔ ነው።»

እኔ ይህን አላውቅም ነበር እማዬ። ሰው ቤት ገብቼ ውሃ ጠይቄ አላውቅም። ፀጉር ቤት ቀኑን ሙሉ ምራቄን እየዋጥኩ እውላለሁ እንጂ «ውሃ ስጪኝ» የሚለው ነገር ከአፌ አይወጣም፤ ባለቤቷ «አንቺ ግመል ነሽ» ትለኛለች። ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

በኋላ ወንድሜን ጠየቅሁት። «ብርጭቆ ከያዝኩ እማዬ ታያለች፤ በአፌ ሞልቼ እየመጣሁ እጅሽ ላይ እተፋልሽ ነበር» አለኝ። እሱም ያኔ ሕፃን ነበር። ስለዚህ እማዬ፣ እኔን ያናገረኝ ጥማት አይደለም። አልተጠማሁም ነበር። ስንት ዓመት የኮራሽበት ነገር አልሆነም።

ከጤና ጣቢያ በተመለስንበት በዚያው ቀን ከሰዓት ሻንጣሽን አዘጋጀሽ። ሂጂ አላልኩሽም፤ ተቀመጪም አላልኩሽም። ባሌ ሻንጣሽን ተሸክሞ አውቶቡስ ድረስ ሸኘሽ፤ መስኮት አጠገብ ቦታ ለምኖ አስቀመጠሽ። አባረረች ለሚሉት ይህን ንገሪያቸው። ካልፈለግሽም ተይው።

ከሄድሽ በኋላ የሆነውን ማንም አልነገረሽም። ቁስሉ ዳነ፤ ልጁ ግን አፉን ዘጋ። «ባ» ማለቱ እንኳ ቀረ። ማንኪያ ስናስጠጋለት መጀመሪያ ፊታችንን ያያል። ባለሙያዋ ቤታችን ድረስ መጥታ አየችውና «ካሁን በፊት የምንጀምረው ከባዶ ነበር፤ አሁን ግን ጉድጓዱን መሙላት አለብን» አለችን። ውሃ ለማግኘት ማንንም መለመን እንደሌለበት ይወቅ፤ እጁ በሚደርስበት ሁሉ ውሃ አስቀምጡለት አለች። እንዳለችው አደረግን። አልጋው ሥር ኩባያ አለ፣ ወንበሩ ሥር ኩባያ አለ፣ ጎማ ቤቱ ውስጥ ከንፋስ መሙያው አጠገብ ኩባያ አለ። እንግዳ በመጣ ቁጥር አንዱን ይረግጣል። አንድ ቀን ባሌ ራሱ ረግጦ አዳልጦት በቂጡ ዱብ አለ። ሊሳደብ አፉን ከፈተና ልጁን ሲያየው ሐሳቡን ለውጦ «ወደቅኩ። ቂጤን አመመኝ» አለ። ልጁ ሳቀ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ድምፁን አውጥቶ ሲስቅ ያን ጊዜ መጀመሪያው ነበር።

ቃሉም ከዚያ በኋላ መጣ። ባሌ የአንድ ታክሲ ጎማ እየሞላ «ነፋሁ» ሲል ልጁ ከአጠገቡ «ንፋ» አለ። ባሌ እንዳልደነቀው ሆኖ ነፋ። «ንፋ» አለ ደግሞ። ነፋ። ባለ ታክሲው «ወንድሜ፣ ሊፈነዳ እኮ ነው» ቢለው «ይፈንዳ፣ በሌላ እቀይርልሃለሁ» አለው። ሰው ልኮብኝ ስደርስ የፀጉር ቀለም የነካ ጓንት እጄ ላይ ነበር፤ ጎማው እንደ ነፍሰ ጡር ተወጥሯል፣ ባሌ እንባውን በጥቁር እጁ ጠርጎ ፊቱን የከሰል ማዳበሪያ አስመስሎታል። ልጁ ሁለታችንንም አየና «ንፋ» አለ። የአፍ መፍቻው እንግዲህ እማ አይደለም፣ አባም አይደለም፣ ይኸው ነው።

ቀስ በቀስ ዳቦ መጣ፣ ኳስ መጣ፣ እማ እና አባም መጡ። ውሃ ግን የለም። ሌላ ሰው ውሃ ሲል ከሰማም አፉን በመዳፉ ይከድናል።

ይህ ሁሉ እየተሻሻለ ሳለ ነው ወንድሜ ደውሎ ስልኩን የሰጠሽ። ዳቦ እየበላን ነበር፤ ድምፁ ለሁላችንም ይሰማ ነበር። «ድንቡሎዬ፣ አያትህ ነኝ፣ እስቲ አንድ ቃል በለኝ» አልሽ። ማንኛዋም አያት የምትለው ነው፤ በዚህ አልወቅስሽም። ልጁ ግን ዳቦውን ጥሎ አልጋ ሥር ገባ። ባሌ ተኝቶ እየተሳበ ሲደርስበት ሱሪው ርሷል። ስልኩ ተቋረጠ ብዬሽ ነበር፤ አልተቋረጠም፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት «ንፋ»ም ጠፋችበት። የተመለሰችው በቅርቡ ነው።

ስለዚህ እማዬ፣ አትምጪ።

እስከ መቼ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ አላውቀውም። ልጁ ቤት ሳለም አትደውዪ። ሥራ ቦታ ደውዪልኝ፣ ካስክ ሥር ያለችውንም ደንበኛ ትቼ አነሳዋለሁ። ባለቤቷ ፈቃድ ስትሰጠኝ እመጣለሁ፤ ፀጉርሽን አጥቤ፣ ጥፍርሽን ቆርጬ፣ ጠብታሽን በእጄ ጨምሬልሽ እመለሳለሁ። ልጁን አላመጣውም። እንደምትወጂው አውቃለሁ። «እኛ ስንሞት ማን ይናገርለታል» እያልሽ ታለቅሺ ነበር። ሳንሞት ይኸው እየተናገርኩለት ነው። አንቺ እናቴ ነሽ፤ አባቴ ከሞተ በኋላ ብቻሽን እንዴት እንዳሳደግሽን አልረሳሁም። ግን ከሁለታችሁ አፍ የሌለው እሱ ነው፤ አንዳችሁን ማስከፋት ካለብኝ አንቺን አስከፋለሁ።

ክፉ ልጅ ነሽ ካልሽኝ እቀበላለሁ።

ወንድሜን በሁለቱም ጉንጩ ሳሚልኝ፤ ያኔ ስላደረገልኝ ነገር በስልክ ማመስገን አቅቶኛል በይው። ሚስቱን ሰላም በያት፤ ወጥ ቤቷን ለእሷ ተይላት፣ ጨው አነሰ በዛም አትበያት፤ ያለሽ ቤት የእሷ ቤት ነውና ተስማምተሽ ኑሪ። የመንታ ልጆቻቸው ፀጉር እንዳይቆረጥ በይልኝ፤ ስመጣ እኔ እሠራቸዋለሁ። ታች ቤት ያሉትን ጡረተኛውን መምህር ጤና ይስጥልኝ በያቸው። ባሌ እጅሽን ይስማል፤ ከልቡ ነው፣ ቂም አልያዘብሽም፤ ቂም የያዝኩት እኔ ነኝ።

ድንቡሎ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጦ የጎማ ክዳኖች ይደረድራል። ሌላ ጊዜ ቢሆን «አያቴን ሳሙልኝ ብሎሻል» ብዬ ከሥሩ እጨምርልሽ ነበር። አላለም። ያላለውንም ብሏል ብዬ አልጽፍልሽም።

ልጅሽ
ከጎማ ቤቱ ጀርባ ካለው ቤታችን
እሑድ ጠዋት፣ ግንቦት 11 ቀን