የአምቡላንስ ልምምዳችን

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እታለሜ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ደረጃ ስትወጪ ግድግዳ ትደገፊያለሽ? እማዬስ ዓይኗን ታከመች? ልጆቹስ፣ ያ ሳል ለቀቃቸው? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። ለልቤ ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም፤ ከሐሙስ ጀምሮ ስልክ በጮኸ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ ብድግ እላለሁ።

የማስታምማቸውን ሽማግሌ አጫውቼሻለሁ፤ ድሮ ባቡር ጣቢያ በድምፅ ማጉያ የባቡሩን መምጫ ይናገሩ የነበሩት። አሠሪዬ፣ ማለትም ልጃቸው፣ ከጥቂት ሳምንታት በፊት አስቀመጠችኝና፣ አባቷ አንድ ነገር ቢሆኑ ለአምቡላንስ ደውዬ ሁኔታቸውን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ካልቻልኩ ሌላ ሰው እንደምትቀጥር ነገረችኝ። ክፉ ሆና አይደለም፣ ፈርታ ነው። እኔም ፈራሁ።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ራሳቸው አስተማሪ ሆኑ። አሁን እየሆነ ያለውን መናገር ከቻልኩ እንደሚበቃኝ፣ ትናንትና ለአምቡላንስ እንደማይጠቅም ነገሩኝ። ግን ያ ግስ ጉድ አደረገኝ! ለእኔ ሲሆን "አም"፣ ለአንቺ ሲሆን "አር"፣ ለሌላው ሲሆን "ኢዝ"። የእኛም ነኝ፣ ነሽ፣ ነው እያለ ይቀያየራል፤ አብሮኝ ስላደገ ነው የማይታወቀኝ። ደግሞ ትልቅ ሰው እንዴት "ሂ ኢዝ" ይባላል? አንቱታ የሌለው መሰለኝና እሳቸውን ለማክበር ለብዙ ሰው የሚባለውን "ዘይ አር" አልኩ። እኔ ስንት ሰው ነኝ ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁብኝ።

ልምምዳችን እንዲህ ነበር። ከቁርስ በኋላ ወንበራቸው ላይ ዘፍ ብለው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔ የተዘጋ ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ "ሂ ኢዝ ኖት ቶኪንግ፣ ሂ ኢዝ ብሪዚንግ" እያልኩ እንደማይናገሩ፣ እንደሚተነፍሱ አስረዳለሁ። ስሳሳት አንድ ዓይናቸውን ገልጠው ያርሙኛል።

ሐሙስ ሸሚዛቸውን ስተኩስ ዘፍ አሉ። ልምምዱ የተጀመረ መሰለኝና ካውያውን ነቅዬ የተዘጋውን ስልክ አነሳሁ። እታለም፣ እንደዚያ ቀን ቀንቶኝ አያውቅም። ሁሉም በየቦታው ገባ፣ አንድም እርማት የለ። ጎበዝ ሆንኩ ብዬ ኮራሁ። እንዲያውም ላስቃቸው ብዬ ሆን ብዬ "ዘይ አር" አልኩ። ዓይናቸው አልተገለጠም። ምራቃቸው በአገጫቸው ሲወርድ ያየሁት ያኔ ነው።

ስልኩን ከፍቼ ደወልኩ። ሰው ሲያነሳልኝ ግን ያ ሁሉ ትምህርት ብን ብሎ ጠፋ፤ "ኢዝ፣ ኢዝ" እያልኩ አለቀስኩ። ደግነቱ ያነሳችው ሴት ታጋሽ ነበረች። አድራሻውን ቀስ ብላ ተቀበለችኝና መጡ።

ሆስፒታል ልጃቸው አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አመሰገነችኝ። ሐኪሙ መቼ እንደጀመራቸው ሲጠይቅም ወዲያው መደወሌን እሷው መለሰችልኝ። እኔም አላረምኳትም። እሳቸው ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ያዩኛል። ሰምተውኝ ይሆን? እኔ ስቀልድ በውስጣቸው "ኧረ የእውነት ነው" ይሉኝ ነበር ይሆን? ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ትናንት አልቻልኩም፣ ልጃቸውን ኮሪደር ላይ ይዤ ነገርኳት። ያለፈ ነገር በእንግሊዝኛ መናገሪያውን ገና ስላልተማርኩ ሁሉንም አሁን እንደሚሆን አድርጌ ነው የነገርኳት፦ አባትሽ ይታመማሉ፣ እኔ እጫወታለሁ፣ እኔ እስቃለሁ። ፊቷ አመድ መሰለ። "ሰኞ ጠዋት ቤት ጠብቂኝ" ብቻ አለችኝ።

ልሰናበታቸው ብዬ ወደ ክፍላቸው ገባሁ። ደህነኛውን እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ስልክ እንዳነሳ አመለከቱኝና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልምምዱን ናፍቀው ነው። እኔ ግን ጮኼ ነርሷን ጠራሁ። ሮጣ ስትመጣ ዓይናቸውን ገልጠው በግማሽ አፋቸው ሊስቁ ይሞክራሉ። እኔ ማልቀሴን ማቆም አቃተኝ።

ነገ ሰኞ ነው። ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አወጣሁት፣ መልሼ ከተትኩት። ብባረር ሌላ ሥራ አላጣም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ግን እታለም፣ እሳቸው ዓይናቸውን በጨፈኑ ቁጥር አጠገባቸው ሆኖ ማን ይደነግጥላቸዋል?

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ይህን ግን አታንብቢላት። ባለቤትሽን በጣም ሰላም በይልኝ። ለትልቋ ልጅሽ በትምህርቷ እንድትበረታ ንገሪልኝ፤ ትንሹን ጉንጩን ንከሽልኝ።

ታናሽ እህትሽ
ከማድ ቤቱ ጎን ካለችው ክፍሌ
እሑድ፣ ጥቅምት 9 ቀን