የባቄላው ማሳ ለብሎኬት አይሰጥም

«አፈሩ መሞቱን ራስህ አሳይተኸናል። ኖራህን ግድግዳ ቀባበት፤ መሬቱን ለብሎኬት አምራቹ ለአሥር ዓመት እናከራየው።»

ጋሼ ባርናባስ፣ ባለፈው ሳምንት የላኩልኝ መልእክት ቃል በቃል ይህ ነው።

ከቁጣዬ በፊት ግን ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ከርሟል? ጉልበትዎንስ ተሻለዎት? የአርባ ምንጭን ሙቀት ለመዱት ወይስ አሁንም ያማርርዎታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የካቻምናው ጥፋት የእኔ ነው፤ አልክድም። ኖራውን እንደ ማዳበሪያ ቆጥሬ ከዘሩ ጋር በአንድ ቀን ከላይ በተንኩት። ዝናቡ ጠርጎት ሄደ፣ ባቄላውም ቢጫ ሆኖ ቀረ። ለእናታችን ተዝካር ሲመጡ ያዩት ያንን ነው። አምና ግን አፈሩን አስመርምሬ አሲዳማነቱን በቁጥር አወቅሁ። ኖራው አሲዱን እንዲሰብር ዘር ከመዘራቱ ሁለት ወር ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ ነበረበት። መሬቱን በእኩል የሚያርሱልን ኦቦ ኩምሳና እኔ በሚያዝያ ሰባት ኩንታል በግማሹ ማሳ ላይ በተንን፤ እሳቸውም ሁለት ጊዜ አርሰው አዋሐዱት። ሌላውን ግማሽ ለማነጻጸሪያ ሆን ብዬ ተውኩት።

መስከረም ላይ ከሁለቱም ወገን አንዳንድ እግር ባቄላ ነቀልን። ኖራ ያላገኘው ሥሩ አጭርና ባዶ ነበር። ያገኘው ግን ለባቄላው ምግብ በሚያዘጋጁ፣ ምስር በሚያካክሉ እብጠቶች ተሞልቷል፤ ስሰነጥቃቸው ውስጣቸው ቀላ ያለ፣ ጤነኛ ነው። ኦቦ ኩምሳ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዘው፣ «ጌታቸው፣ የእናትህ መሬት እኮ ግማሹ ጾም ይዟል፣ ግማሹ ፈስኳል!» ብለው ሳቁብኝ።

ይህን ሁሉ ሳይጠይቁኝ አምራቹን ማነጋገርዎ አሳዝኖኛል። ሰውየው የላይኛውን አፈር ጠርጎ ሲሚንቶ ያፈስበታል፤ ከዚያ በኋላ ኖራም ጸሎትም አይመልሰውም። እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት፣ እርስዎም የተዳሩት በዚያ ባቄላ ነው።

ለእትዬ ወርቅውሃ እጅ ነስቷል ይበሉልኝ። ያኔትን ለፈተናዋ እንድትበረታ አጎትሽ አደራ ብሏል ይበሏት። ባለቤቴም ሁላችሁንም ሰላም ብላለች።

የይዞታው ደብተር በሁለታችን ስም ስለሆነ ያለ እኔ ፊርማ ኪራይ የለም፤ እኔም አልፈርምም። ቀሪው ግማሽ ዘንድሮ ኖራ እንዲገባበት መስማማትዎን ወይም መቃወምዎን በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ፣ እስከ ሚያዝያ 15 ያሳውቁኝ። በማግስቱ ኦቦ ኩምሳ በሬዎቻቸውን ይጠምዳሉ።

ወንድምዎ ጌታቸው
ሱሉልታ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.