አንገቱ ያልተሰፋ ካባ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን፣ ሱቄን ከመክፈቴ በፊት

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? የዚያ አገር ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ደረጃው ላይ ብቻ ጉልበቴ ያስቸግረኛል። የስፌት መኪናዬም እንደኔው አርጅታ ትንኳኳለች፤ ተደጋግፈን እንሠራለን።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። «እማዬ፣ እንኳን ደስ አለሽ፣ ዳኛ ሆኜ ተሹሜያለሁ፤ ካባዬን በእጅሽ ስፊልኝ» የሚለውን ሳነብ እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አያትህ ትዝ አሉኝ። እሳቸው ነገረ ፈጅ በነበሩበት ጊዜ ፈቃድ የለ፣ ካባ የለ፤ አንደበት ያለው ሰው ፍርድ ቤት በር ላይ ቆሞ የሰው ጉዳይ ይይዛል። ጎረቤቱ «ነገር ፈጅ ሳይሆን ቀን ፈጅ» እያለ ያሾፍባቸው ነበር። ከዚያ አባትህ ተፈትኖ፣ ፈቃድ አውጥቶ፣ «ጠበቃ» ተባለ። የመጀመሪያ ካባውን የሰፋሁለት እኔ ነኝ፤ እጅጌው ረዝሞበት ችሎቱ ሙሉ ሳቀበት። እኔም በዚያው የካባ ሰፊ ሆኜ ቀረሁ። የዳኛውም የጠበቃውም ጨርቁ አንድ፣ አቆራረጡም አንድ ነው፤ የሚለየው አንገቱ ነው። የዳኛ ቀይ፣ የጠበቃ ነጭ።

ቅዳሜ ጨርቅህን ቆርጬ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሳለ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ቀስ በሉ! ታስታውሳቸዋለህ፣ ጠበቃ በቸኮለ ቁጥር «ቀስ በሉ» የሚሉት ሽማግሌ ዳኛ። ገና ጀማሪ ጠበቃ ሳለህ አንተንም «ቀስ በል ልጄ፣ ችሎቱ የትም አይሄድም» ብለውህ ላብ በላብ ሆነህ ቤት መጥተህ ነበር። ካባቸውን በፌስታል ይዘዋል።

«እትዬ፣ ይህን ቀይ ይፍቱልኝና ነጭ ይግባበት» አሉኝ።

«ምነው ጌታዬ፣ ደበዘዘ እንዴ?»

«ቀለሙስ ደህና ነው። አሰናብተውኝ ነው። ወደ ጥብቅናዬ ልመለስ።»

ልጄ፣ ይህን ማንም እንዳልነገረህ ስለማምን እጽፍልሃለሁ። አባትህን በመጨረሻ ሰሞኑ ያስታመመችውን ነርስ ታውቃታለህ። እስር ቤት ሞቶ ሆስፒታል የመጣ ሰው ገላ ላይ ያየችውን የድብደባ ሰንበር ለሟቹ እናት ነገረቻት። በዚህ ተከሰሰች። ሊቆምላት የተነሳው ጠበቃ ሁሉ ስልክ እየተደወለለት፣ አንዱ አመመኝ፣ አንዱ መንገድ አለብኝ እያለ ቀረ። ከበላይ ደግሞ «ያለ ጠበቃም ቢሆን ቶሎ ይወሰን» ተባለ። ቀስ በሉ ግን መዝገቡ ላይ «ጠበቃ እስክታገኝ ጉዳዩ ይጠብቅ» ብለው ጻፉ። በማግሥቱ ከወንበሩ ተነሱ።

«ታዲያ ነጩን ካስገባሁልዎ እርስዎ ይቆሙላታል ማለት ነው» አልኳቸው ደስ ብሎኝ።

«አይሆንም። በዳኝነት ያየሁትን ጉዳይ በጥብቅና እንዳልይዝ ሕጉ ይከለክለኛል። ለሌላው እቆማለሁ፤ ለእሷ ግን ሌላ ሰው ያስፈልጋል።» ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጨርቅ ዳሰስ አደረጉ። «የልጅዎ ነው? በእኔ ቦታ እሱ ነው አሉ። እንኳን ደስ ያለዎት።» ሽሙጥ ቢሆን በተሻለኝ፤ ከልባቸው ነበር።

ቀዩን ፈታሁላቸው። የራሴ ስፌት ነውና ክሩ ጠንካራ ነው፤ ጥርሴን ነክሼ ነው የፈታሁት። ትናንት ከፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት አንድ ሰውዬ መጣና «ለአዲሱ ዳኛ ያንኑ የፈታሽውን ቀይ አድርጊበት፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ይድረስ» ብሎኝ ሄደ።

ሹመቱን ተው አልልህም። ዳኝነት ክቡር ነው፤ አንተም ወንበሩ ላይ ሆነህ «ይጠብቅ» ልትል ትችላለህ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ግን ያንን ቃል እንዳትል ነው የመረጡህ ይመስለኛል። ደግሞ እወቀው፣ የጥብቅና ፈቃድህ አልተሰረዘም። አንተ ብትረሳውም እኔ በየዓመቱ እየሄድኩ አሳድሼልሃለሁ። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ።

እሁድ ነርሷን ልጠይቃት ሹራብ ይዤ እስር ቤት ሄጄ ነበር። ከስታለች። ገና ስታየኝ ፊቷ በራ።

«ልጅሽ እየመጣ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ ለእኔ ነው አይደል?» አለችኝ።

«ይመጣል» አልኳት። ሹራቡን አቀበልኳት። መንገዱን ሁሉ እያለቀስኩ ነው የተመለስኩት።

ትከሻህ ሰፍቶ እንደሆነ ለክተህ ላክልኝ። ገላው ተሰፍቷል፣ እጅጌውም ገብቷል። የቀረኝ አንገቱ ነው። ቀዩም ነጩም ከፊቴ አሉ፤ የትኛውን እንደማስገባ አንተው ጻፍልኝ። ወሩ ሲያልቅ ቢመጡብኝ መኪናዋ ተበላሽታለች እላቸዋለሁ።

ከክፉ ይሰውርህ። ልብህን ቅን ያድርግልህ። አንገትህን ቀና አድርገህ በዚህ በር ስትገባ ያሳየኝ።

እጠብቅሃለሁ።

እናትህ፣ ካባ ሰፊዋ