ሁለት ዓሣዎች ሲሳሳሙ

ቫኑዋ ሌቩ ደሴት፣ ማክሰኞ ማርች 14 ቀን 2017

ውድ ልጄ ላቬኒያ፣

ሰላምታዬን ከማስቀደሜ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። የስኳር ፋብሪካውን ንድፍ ማንበብ አልችልም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የጥገና ወራት በመጣ ቁጥር «ቧንቧው ከንድፉ ጋር አንድ ነው» በሚለው ወረቀት ላይ ስፈርም፣ ያን ሁሉ ክብና ሦስት ማዕዘን እንደ ግድግዳ ነበር የማየው። እናትሽ እንኳ ይህን ሳታውቅ አረፈች። ሰባት ዓመትሽ ላይ ጫፍ ለጫፍ የተነካኩትን ሁለት ሦስት ማዕዘኖች በጣትሽ እያሳየሽ «አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብለሽኝ ነበር። «ሁለት ዓሣዎች ሲሳሳሙ» አልኩሽ። ሳቅሽ። አፍሬ ነው ልጄ፣ እኔም አላውቀው። አሁን ብሪዝበን ሆነሽ ይህንኑ ስትስዪ ትውያለሽ፤ ስለ ሥራሽ በስልክ ስትነግሪኝ «አዎ፣ አዎ» እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት አዲሷ ኢንጂነራችን ኡናይሲ እንደገና የተሳለውን ንድፍ ሙሉ ጥራዙን ሰጠችኝ። እስከ ዛሬ የሚደርሰኝ የእኔ ክፍል አንድ ገጽ ብቻ ነበር። ለካ የምልክቶቹ ሁሉ ፍቺ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ኖሯል! ቤት ወስጄ ምንጣፍ ላይ ዘረጋሁት፤ ካሳቫው ሳህን ላይ ቀዝቅዞ ቀረ። ዓሣዎችሽ ቫልቭ፣ የቧንቧ መክፈቻና መዝጊያ ናቸው። ከጠቆሩ፣ ዘወትር ተዘግቶ የሚኖር ቫልቭ። ባዶ ክብ እዚያው ቧንቧው ላይ ያለ መለኪያ ነው፤ መሐሉን መስመር ካቋረጠው መቆጣጠሪያ ክፍል ያለ፤ መስመሩ የተቆራረጠ ከሆነ ግን ከመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ጀርባ የተደበቀ። ሰው ለማያየው ነገር እንኳ ምልክት አበጅተውለታል! እንደ ሕፃን ደስ አለኝ።

በማግስቱ ወረቀቴን ይዤ ቧንቧ ለቧንቧ ስዞር የሥራ ባልደረባዬ ዳያናንድ አየኝ።

«ሳኪያሲ፣ የምን ካርታ ነው? አያትህ የቀበሩትን ሀብት አገኘኸው እንዴ?»

«ዝም በል፣ እየተማርኩ ነው።»

«በዚህ ዕድሜህ? እንግዲህ ለጡረታህ የደብተር ቦርሳ ልገዛልህ ነዋ!» ሳቀና ቀጠለ፦ «የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ሦስተኛው የስኳር ማፍሊያ ጋን ውስጥ ገብቼ ልፈገፍግ ነው። ዘንድሮ እንፋሎት የሚያመነጨውን ቦይለር በዚያው ቀን ይሞክሩታል አሉ። የእንፋሎቱ ቫልቭ ከተዘጋ ምን ቸገረኝ! ወረቀትህስ ምን ይላል?»

በጣቴ ተከተልኩት። ቫልቩ አለ። ቀና ብዬ ቧንቧውን ሳይ ግን አንድ የድሮ ሥራዬ ትዝ አለኝ። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ ሸንኮራው ተከምሮ ሳለ ያ ቫልቭ አልከፈት ሲለን፣ እንፋሎቱ ዞሮ እንዲገባ ቀጭን ቧንቧ በየድኩለት፤ መሐሉ ላይም ትንሽ ቫልቭ አደረግሁ። ኋላ እንደተከፈተ ሽፋን ለበሰና ረሳሁት። ወረቀቱ ላይ የለም። ትልቁ ቢዘጋም እንፋሎቱ በዚያች ዞሮ ጋኑ ውስጥ ይገባል፣ ዳያናንድ ላይ። እስከ ዛሬ ጽዳት ሲሆን ቦይለሩ ቀዝቃዛ ስለነበር ነው የተረፍነው።

እውነቱን ልንገርሽ፦ «ሐሙስ ጠዋት ቀድሜ ሄጄ ትንሿን ብዘጋትስ?» አልኩ። ማንም አያውቅ፤ ጡረታዬም አምስት ወር ቀርቶታል። ጸለይኩ። የተሰወረ ሁሉ እንደሚገለጥ እሁድ እሁድ ለጉባኤው የማነበው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ዳያናንድ ይተርፍ ይሆናል፤ እኔ ከሄድኩ በኋላ የሚገባውስ?

ዛሬ ኡናይሲ ቢሮ ሄድኩ።

«አባባ ሳኪያሲ፣ ምን ልርዳዎት?»

«ቀይ እርሳስ ስጪኝ።»

«ንድፉ ስህተት አለበት?»

«ንድፉም፣ እኔም።»

ሁሉንም ነገርኳት። «ሃያ ሁለት ዓመት?» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ስልኩን አንስታ የሐሙሱን ሥራ አስቆመች። «ስለ ፊርማዎ ግን ለበላይ ሳልጽፍ አላልፍም፣ አባባ።»

«ጻፊው፣ ልጄ» አልኳት።

እንግዲህ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። አንቺን ግን እናትሽን በሰላም ያሳረፈ ጌታ ይጠብቅልኝ፤ እጅሽ የሳለውን ሁሉ እውነት ያድርግልሽ።

እርሳሱን ተቀብዬ፣ ባዶ በነበረው ቦታ ቀጭኗን ቧንቧ አሰመርኩ። መሐሏ ላይ ሁለት ዓሣዎች ሲሳሳሙ ሳልኩ፤ ከሥራቸው ስሜን ጻፍኩ።

አባትሽ ሳኪያሲ