ካቆመበት የሚቀጥለው ሣጥን

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለመክብብ። ሻሸመኔ እንዴት ይዛሃለች? ጤናህስ? እማዬን ወገቧን ተሻላት? ቤዚ ከአራስነቷ ጠንክራለች? ያ ክርስትና የተነሳው ጎረምሳችሁስ ሌሊት እንቅልፍ ይሰጣችኋል ወይ? እኔና ባሌ ታፈሰ በአካል ደህና ነን፣ ሆቴላችንም ይሠራል። ልቤ ግን ደህና አይደለም፤ ከሥሩ ልንገርህ።

የሳሎኑ ዴክ ሞቷል። የሰፈራችን የማንያታ አቧራ ሲዲውን ሁሉ እየቧጨረ ፊልሙ መሃል ላይ ይንተባተብብን ነበር። ታፈሰ ዲሽ ይሁን አለ፣ እኔ በየወሩ የሚከፈልበት ነገር አልፈልግም ብዬ ተኳረፍን። በኋላ ዕቃ ሻጩ ፍራንሲስ አንዲት ጥቁር ሣጥን አሳየን። ፍላሽ ስትሰካባት ታጫውታለች፣ በገመድ ደግሞ ጓዳ ካለው ኮምፒውተር ፊልም እየሳበች ቴሌቪዥን ላይ ታወጣለች። ከሁሉም የማረከኝ፣ እዚህ ስቲማ የሚሉት መብራት ቢጠፋ እንኳ ሲመለስ ካቆመችበት ትቀጥላለች ማለቱ ነው። የኛን መብራት ታውቀው የለ? ይቺው ትሁን ያልኩት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ያየንባት የልጅህን ክርስትና ነው። በሹፌር የላክኸው ፍላሽ እንደደረሰ ታፈሰ ሣጥኗ ላይ ሰካው። የዚህን ቤት ደንብ ታውቃለህ፤ ከድንበሩ ወዲያ ማዶ የመጣ የዘመድ ድግስ በጓዳ አይታይም፣ ለእንግዳው ሁሉ ሻይ በነፃ ተቀድቶ ሳሎን ነው። ልጁን ታቅፈህ ስትጨፍር ቤቱ በሙሉ አጨበጨበልህ። ወደ ካሜራው ተጠግተህ እየሳቅህ ሰላም ስትለን መብራት ጠፋ።

ሲመለስ ፊትህ ቴሌቪዥኑን ሞልቶት ወጣ። ከጎልቦ ቆላ ከብት ሊሸጡ የመጡ ቦርቶ የሚባሉ ሽማግሌ ብድግ ብለው ተጠጉና ቅንድብህ ላይ ያለችውን ጠባሳ በጣታቸው ነኳት። ይህ ሰው ማነው አሉ። ታፈሰ ሞኙ፣ የሚስቴ ወንድም ነው፣ ድሮ በዚህ መንገድ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር፣ ለገና ይመጣል ብሎ ዘረገፈላቸው። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

በማግስቱ ከዘመዶቻቸው ጋር ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ የቀሩበት ጠዋት የለም። አይሳደቡም፣ ድምፃቸውን አያነሱም፣ ሂሳባቸውንም ይከፍላሉ። ያንን ክርስትና ክፈቱልን ይላሉ፤ ሣጥኗም ካቆመችበት፣ ከፊትህ ትጀምራለች። ፊትህን እንዳዩ እዚያው ላይ አጥፉት ይላሉ። ከዚያ ዞረው በሩን እያዩ ይቀመጣሉ። ሌላው ደንበኛ መቅረት ጀምሯል።

ትናንት ጨክኜ ምን ፈልገው እንደሆነ ቦርቶን ጠየቅኋቸው። ሀቢቦ የምትባል ልጅ ነበረችኝ፣ መንገድ ዳር ፍየል ስትጠብቅ መኪና ገጭቶ ገደላት አሉኝ። ሾፌሩ ወርዶ አጠገቧ ቆመ፣ እኔ እየጮህኩ ስሮጥ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ መኪናው ላይ ወጥቶ ሄደ አሉ። መክብቤ፣ ያኔ ደም የነካውን የመኪናህን ግንባር በባልዲ ውኃ ያጠብኩልህ እኔ ነኝ። ፍየል ነው ብለኸኝ አምኜህ ነበር። መንዳቱን ድንገት ትተህ ሻሸመኔ ስትገባም አልጠረጠርኩም።

ቦርቶ፣ መጥቶ ሽማግሌ ፊት ይቁምና ስሟን ይጥራ ነው የሚሉት። ካልመጣ ወጣቶቻችንን የምይዝበት አቅም የለኝም ብለው እጄን ጨብጠውኝ ሄዱ። ፈርቻለሁ። እነሱን ብቻ አይደለም የፈራሁት፣ አንተንም ፈራሁህ። ለገና ዘው ብለህ ብቻህን እንዳትመጣ። የምትመጣ ከሆነ እኛም ሽማግሌ እንያዝ። ከሁሉ በፊት ግን ጻፍልኝ፤ ወርደህ አይተሃታል?

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፣ ይህን ግን እንዳታነብላት። ቤዚን አይዞሽ በላት፣ ታፈሰም ሰላም ብሏል። ልጅህንም ጉንጩን ሳምልኝ። ቦርቶ ክርስትናውን ባስከፈቱ ቁጥር፣ ልጁ ስንት ወር ሆነው እያሉ ይጠይቁኛል።

እህትህ የሺ
ሞያሌ፣ ኬንያ
ኅዳር 12 ቀን 2002 ዓ.ም.